አሥር እርምጃ ለእንዝሬ ወንዝ፦ የአቶ ደበሌ ሀብተወልድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደበሌ ሀብተወልድ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተወልድ ተረፈና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና አበራ፣ በመስቃን፣ ከእንሴኖ ገበያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር፣ በእንዝሬ ወንዝ አጠገብ ጥር 12 ቀን 1924 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ስድስተኛ ልጅ ሲሆኑ ከወንድሞቻቸው ሁሉ በቁመት ያንሱ ነበር። ይህ የተጠቀሰው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ፊደል በመንደሩ ካህን ዘንድ ቆጥረው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቡታጅራ ፈጽመው፣ ጅማ ከሚገኘው የእርሻ ትምህርት ቤት በ1948 ዓ.ም. ተመረቁ። በወልቂጤ ሦስት ዓመት ካገለገሉ በኋላ በራሳቸው ጥያቄ ወደ ቡታጅራ ተዛወሩ። ምክንያታቸው እንዝሬ ነበረች። በልጅነታቸው የወለሏ ጠጠር ይታይ የነበረችው ወንዝ፣ ገበሬው እስከ ውኃው አፍ ድረስ በማረሱ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሰውን አፈር ይዛ መሄድ ጀምራ ነበር።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ስሕተት ነበር፤ እሳቸውም ይህ እንዲዘለል አይወዱም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወንዙን ዳር በባሕር ዛፍ ሞሉት። ባሕር ዛፍ የሚጠላ ጉራጌ ስለሌለ ሁሉም ደስ አለው። በአራተኛው ዓመት በጋ ግን እንዝሬ መካከሏ ላይ ደረቀች። አቶ ደበሌ እንሴኖ ገበያ ላይ ቆመው፣ «እንዝሬን የጠጣት ዛፉ አይደለም፤ እኔ ነኝ» ካሉ በኋላ መጥረቢያ ይዘው ከራሳቸው ይዞታ ጀመሩ። አጣናው ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ሆነ።

ከሁለቱ ክፍሎች በአንዱ፣ በ1957 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላኩት ወይዘሪት አደይ ተካ አስተማሩ። በ1959 ዓ.ም. ሁለቱ በጋብቻ ተሳሰሩ። አቶ ደበሌ ትዳሬ የስሕተቴ ፍሬ ነው እያሉ እንግዳ ያስቁ ነበር።

ቀጥሎ የመረጡት መንገድ የአገሩን ልማድ የተከተለ ነው። በየመንደሩ ከቤቶች ፊት የተዘረጋውን ሰፊ የጋራ ሣር፣ ጀፎረውን፣ ማንም አያርሰውም፤ የነካው በሽማግሌ ፊት ይቆማል። «ለወንዟም ጀፎረ እንስጣት» አሉ፤ በግራና በቀኟ አሥር አሥር እርምጃ ሳይታረስ ቀርቶ ሣር፣ ቄጠማና ቁጥቋጦ እንዲበቅልበት። ሽማግሌዎቹ ተስማሙ፤ ነገር ግን እርምጃው በአቶ ደበሌ እግር እንዲለካ አጥብቀው ጠየቁ። እሳቸውም ምክንያቱ ገብቷቸው እየሳቁ ለኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ማሳ በቀር የወንዙ ዳር በሁለቱም ወገን ለበሰ።

የቀረው ከሁሉ በላይ በኩል ያለው የአቶ ሀቢቡ ከማሉ የበርበሬ ማሳ ነበር። ከእሱ የሚወርደው ጭቃ የታችኛውን ውኃ ሁሉ ያደፈርሳል። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ አቶ ደበሌ ሊለምኑ ይሄዳሉ፤ አቶ ሀቢቡም «አቶ ደበሌ፣ በርበሬዬ ከእርስዎ ይረዝማል፤ መጀመሪያ እሱን ያስፈቅዱ» እያሉ ይሸኟቸዋል። ሳቁ የእውነት ነበር፤ እምቢታውም እንዲሁ።

ባለፈው ግንቦት የጉበት ሕመም ጸናባቸው። አዲስ አበባ ታክመው ከተመለሱ ወዲህ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የውኃውን መልክ። ባለቤታቸው ዝናብ በዘነበ ማግስት በጠርሙስ እየቀዱ በመስኮቱ ብርሃን ያሳዩአቸው ነበር። ሁልጊዜም ቡናማ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አቶ ሀቢቡ ሊጠይቋቸው መጥተው ጠርሙሱን አዩት። በማግስቱ የቆመ በርበሬያቸውን ነቅለው፣ በራሳቸው ረጅም እግር አሥር እርምጃ ለክተው፣ ሣር ከነሥሩ እያመጡ ተከሉበት።

ነሐሴ 19 ቀን የተቀዳው ውኃ ጥርት ያለ ነበር። አቶ ደበሌ ጠርሙሱን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «በሀቢቡ እግር አሥር ማለት በእኔ አሥራ አምስት ነው፤ ትርፉን መልሱለት» አሉ። አቶ ሀቢቡ አልቀበልም ብለዋል።

አቶ ደበሌ ነሐሴ 21 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በ41 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸውን ወይዘሮ ወለተ ሐናን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አደይን፣ ልጆቻቸውን የሺመቤትንና ተረፈን ትተውልናል።

ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንሸኛቸው በእንዝሬ መሻገሪያ በኩል ነው። በአቶ ሀቢቡ በኩል የተተከለው ሣር ገና ሥር አልያዘም፤ ስለዚህ ሸኚዎች ሁሉ በመንገዱ ብቻ እንድትሄዱ ቤተሰቡ ይለምናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጥሩ ውኃ በሚወርድበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።