ቤተ ሙከራው አይለቀቅም

ሐሙስ፣ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ
የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ

በሄድክበት ሁሉ ደኅንነትህን የምመኝልህ፣ የልጄ አባት፤

እኛ ደኅና ነን። ልጃችን የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ለምዳለች። ጣራው ማፍሰሱን አቁሟል፤ ራሴ ወጥቼ ቆርቆሮውን መታሁት። እንዳትቆጣ፣ መሰላሉን እናቴ ይዛልኝ ነበር።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንተ ባለህበት ዋናው መሥሪያ ቤት፣ መምህራን ልማት ክፍል ውስጥ ቦታ እንዳዘጋጀህልኝ፣ ደመወዙ ከአሁኑ ከእጥፍ በላይ እንደሆነ፣ ወንበሩ እንኳ እንደሚሽከረከር ጽፈህልኛል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት እዚህ የሆነውን ላጫውትህ።

አንተ ማስተማሩን ትተህ በሄድክ ማግስት የትምህርት ቢሮው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ሕንፃው ጠቦት ወደ ትምህርት ቤታችን ግቢ ገባ። መጀመሪያ የመምህራን ማረፊያውን ወሰደ፣ ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍቱን። ዕቅድ የሚያወጣ ክፍል መጣ፤ ዕቅዱን የሚከታተል ተከተለ፤ ክትትሉ በአግባቡ መካሄዱን የሚያጣራም ተቋቋመ። ይህን ማን እንዳሰበው አልጠይቅህም። ብቻ እኛ በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆንን። ክፍል ስላነሰ ሰባተኛ «ሀ» እና «ለ» ተደባለቁ። ልጆቹ ተጠጋግተው ሲጽፉ ከዳር ያለው ግማሽ አካሉ አየር ላይ ነው።

መምህራኑም ሳሱ። ፊዚክስ የሚያስተምረውን ታስታውሰዋለህ፣ ሲያስተምር አንድ ቦታ መቆም ስለማይችል «እንዝርት» ያልነውን። ሚስቱ መንታ ወለደችለትና በመምህር ደመወዝ ወተቱና የቤት ኪራዩ አልገጥም አሉት። ለተቆጣጣሪነት አመለከተ። በአንዱ በር ወጥቶ በሌላው ገባ፤ ያው ግቢ ነው፣ ደመወዙ ግን እጥፍ ሆነ። አልፈረድኩበትም። ከጠመኔ የራቀ ሁሉ በሚወፍርበት ዘመን ሰው ቢርቅ ምን ይገርማል? የእሱን ክፍለ ጊዜ የሚይዝ ሰው ስንጠይቅ ግን በጀቱ አብሮት እንደሄደ ተነገረን።

ከዚያ ቤተ ሙከራውን ፈለጉት፤ ለማኅደር ማስቀመጫ። ርእሰ መምህራችን፣ የዋህነቱን ታውቃለህ፣ ዓይኔን ማየት እያፈረ ቁልፉን እንዳስረክብ ለመነኝ። ጠዋት ኑና ተረከቡኝ አልኩት። ከዚያም የሰባተኛ ክፍል ወላጆችን በየቤታቸው እየዞርኩ ጠራሁ። ጠብ እንዳይመስልህ። ልጆቻቸው ሲማሩ አንድ ጠዋት እንዲያዩ ብቻ ነበር ልመናዬ።

መጡ። መቀመጫ ስላልነበር ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ስለ አየር ግፊት እያስተማርኩ ነበር። ውሃ የሞላውን ብርጭቆ በወረቀት ከድኜ ገለበጥኩት፤ ውሃው አልፈሰሰም። ከኋላ ያሉ እናቶች አንገታቸውን አስግገው ከልጆቹ እኩል ያያሉ። በዚህ መሃል የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መደርደሪያ ካሸከማቸው ሠራተኞች ጋር በሩ ላይ ደረሰ። እንዝርትም ኮትና ክራባቱን አድርጎ ከኋላው አለ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ውሳኔው ከበላይ የመጣ መሆኑን፣ ማኅደሩም በረንዳ ላይ ሆኖ ዝናብ እየመታው መሆኑን አስረዳኝ። ጨርሶ እስኪናገር ታገስኩትና ጠየቅሁት።

«ጌታዬ፣ ማኅደሩ የማን ነው?»

«የተማሪዎች ነዋ።»

«ባለቤቶቹ እነዚህ ናቸው። ታዲያ ወረቀታቸው እንዲገባ እነሱ ይውጡ?»

እኔም የያዝኩትን ሐሳብ ዘረገፍኩት፦ ግቢው ውስጥ ካሉት የቢሮ ሰዎች አብዛኞቹ መምህራን እንደነበሩ፣ እያንዳንዳቸው በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያስተምሩ፣ ከቢሮዎቹም አንዷ ብትለቀቅ ሰባተኛ ክፍል እንደገና ለሁለት እንደሚከፈል ነገርኩት። ለዚህ የወጣ መመሪያ የለም አለኝ። ከወላጆቹ አንዱ፣ ሾፌር ነው፣ መኪናው መንገድ ላይ ሲቆምበት መመሪያ እንደማይጠብቅ፣ ወርዶ እንደሚገፋ ተናገረ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ነገሩን የለወጠው ግን ሳቁ አይደለም። እንዝርት ኮቱን አወለቀና አንዱ መደርደሪያ ላይ ሰቀለው። እጅጌውን እየሰበሰበ ወደ ሰሌዳው መጣ።

«የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ድሮም የእኔ ነበር፤ እኔ እይዘዋለሁ» አለ።

ኃላፊው አለቃው ነው፤ ሊከለክለው ይችል ነበር። እሱን አየው፣ ልጆቹን አየ፣ ከዚያ ሠራተኞቹን መደርደሪያውን እንዲመልሱ በእጁ ጠቆማቸው። ጠመኔውን ለእንዝርት አቀብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ድምፁን እየሰማሁ ትንሽ ቆምኩ። ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ የጫማው ኮቴ ይሰማ ነበር።

ሁሉን አሸነፍን አልልህም። ቤተ መጻሕፍቱ እስካሁን ቢሮ ነው፣ ደመወዛችንም ያው ነው። የማረፊያ ክፍላችን ግን ተለቆልን ሰባተኛ «ለ» ገብቶበታል። ከቢሮ ሰዎችም አንዳንዶቹ ማስተማር ጀምረዋል፤ አንዷማ ድምፅዋ እስኪዘጋ አስተምራ «ረስቼው ነበር» አለችኝ፤ ምኑን እንደሆነ ሳትነግረኝ ሄደች።

አሁን መልሴን ስማ። ወደ ከተማችሁ እመጣለሁ፤ ለወንበሩ ግን አይደለም። መምህራንና ወላጆች በመምህሩና በቢሮ ሰው ደመወዝ መካከል ስላለው ልዩነት ዋናው መሥሪያ ቤት ቀርቦ የሚያስረዳ ተወካይ ሲመርጡ እኔን መረጡ። ጉዳዩን የሚሰማው ያንተ ክፍል መሆኑን ሳውቅ ሌላ ሰው ይሂድ ልል አልኩና ተውኩት። ከጠረጴዛህ ማዶ እቀመጣለሁ። ሰው ፊት «እርስዎ» ብልህ አይክፋህ፤ የሥራ ነው። አንተም ባለቤቴ ናት ብለህ እንዳታለሳልስልኝ፣ እንዳታከርብኝም። እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ስማኝ። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ፣ ከፈለግህ፣ አብረን ምሳ እንበላለን።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ባለፈው ልጃችንን ላመጣት ሄጄ አስተማሪዋ የአባቷን ሥራ ስትጠይቃት ደረስኩ። «መምህር ነው» አለች፣ ቀና ብላ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አላረምኳትም።

በሰላም ወጥተህ ግባ፤ ደግ ደጉን ያሰማን።

ባለቤትህ