ጎማ ሲያዩ ኖረው ፊት ያመኑ ሞተረኛ

ወንድማችን ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በኅዳር ወር 1968 ዓ.ም. አባታችን በገዛ እጃቸው በሠሩት አልጋ ላይ ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሁለተኛው ናቸው። ይህን የጻፍኩት የመጨረሻዋ ታናሽ እህታቸው ነኝ። የቤተሰባችን ሽማግሌዎች የሕይወት ታሪኩ አጭር፣ ለስለስ ያለና ማንንም የማያስቀይም እንዲሆን አሳስበውኛል። አጭር ለማድረግ እሞክራለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተማሩ። አባታችን ከጣሪያ ወድቀው ወገባቸው ሲጎዳ ትምህርቱን አቋርጠው ቤቱን ለመደገፍ ጎሚስታ ቤት ተቀጠሩ። እናታችን ግን እስከ ዛሬ የሚሉት ሌላ ነው፤ ልጄ ከመጀመሪያውም ከደብተር ይልቅ የጎማ ሽታ ይወድ ነበር ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። በ1989 ዓ.ም. ከወዳደቀ ብረት ገጣጥመው የመጀመሪያ ሞተራቸውን ሠሩ። ጎረቤቱ ሁሉ አህያ ብትገዛ ይሻልህ ነበር እያለ ቢያላግጥም፣ ያቺ ሞተር እኔን ትምህርት ቤት አመላልሳ አስመርቃኛለች። ከኋላቸው ተቀምጬ ስሄድ አንድ ቃል ብቻ ነበር የምሰማው፤ መጋጠሚያ ላይ በደረሱ ቁጥር ለራሳቸው "ቀስ በል" ይሉ ነበር። ከዚህ የተነሳ የወጣላቸው ስም ተረስቶ "ቀስ በል" ቀረ፤ ጢማቸው መሸበት ሲጀምር ደግሞ "ጋሽ" ተጨመረበት።

በ1996 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሄደው በአንድ ዕቃ አድራሽ ድርጅት በሞተረኛነት ተቀጠሩ። ሞተረኞቹ የሚያርፉበት ክፍል ከመጋዘኑ ጀርባ ነበር፤ እርጥብ ጓንት ማሞቂያው ላይ ተሰጥቶ የሚውልበት፣ ግድግዳው ላይ "ደንበኛ አይጠብቅም" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ነው። ሞተረኛ ተጎድቶ ሲቀር ያ ጽሑፍ አይነሳም፤ የሰውየው ቁም ሳጥን ብቻ ለሌላ ይሰጣል።

የዚያ አገር አስፋልት ምንጣፍ ነው ይሉን ነበር፤ ሾፌሩን ግን ማን እንደሠራው እንጃ። የኋላ ሰሌዳቸውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተለጥፎ ክላክስ የሚያስጮኸው፣ ያለ ፍሬቻ ፊታቸው የሚታጠፈው፣ መስኮት አውርዶ የሚሳደበው፣ ባዶ ጠርሙስ የሚወረውረው ሁሉ የየዕለት ጓደኛቸው ነበር። በ2001 ዓ.ም. ጥግ ይዞ የቆመ መኪና ውስጥ የነበረ ሰው በሩን ድንገት ከፍቶባቸው የትከሻ አጥንታቸው ተሰበረ። ሰውየው አላየሁህም አላቸው። ወንድማችን የለበሱት ሰደርያ ዓይን የሚወጋ ቢጫ ነበር። እዚያ "አላየሁህም" እንደ ይቅርታ ይቆጠራል መሰለኝ፣ ፖሊሱም ሰምቶ አመስግኖ ሸኘው።

ለትከሻቸው በተኙበት ሐኪም ቤት፣ ከጎናቸው የተኛችን አሮጊት ለመንከባከብ ከምትመላለስ የአገር ልጅ ጋር ተዋወቁ፤ በ2002 ዓ.ም. ተጋቡ። ክፉ ሾፌር ለወንድማችን የሰጣቸው አንድ መልካም ነገር ቢኖር ይህ ትዳር ነው። ከባለቤታቸውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ለእናታችን የሚልኩት ፎቶ ሁሉ ሄልሜት እንደ ደፉ የተነሱት ስለነበር፣ እናታችን የወለድኩት ልጅ ነው እንጂ ድስት አይደለም ብለው እስኪቆጡ ድረስ ፊታቸውን በወጉ አላየነውም።

ከአገር የሚመጡ ወጣቶች ሞተር ላይ ወጥተው ዓመት ሳይሞላቸው ሲሰበሩና ሲሞቱ ማየት ወንድማችንን አላስቀምጣቸው ስላለ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዕረፍት ቀናቸው መጋዘኑ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ያስተምሯቸው ጀመር። ከጭነት መኪና ጎን አትዋሉ፤ በስፖኪዮው ውስጥ ሾፌሩን ካላያችሁት እሱም አያያችሁም ይሉ ነበር። ከተናደደ ሾፌር ጋር እልህ አትጋቡ፤ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፤ መብቱን ይዞ የተቀበረ ሞኝ ብዙ ነው ይሉ ነበር። መጋጠሚያ ላይ የሾፌሩን ፊት አትዩ፣ የፊት ጎማውን እዩ፤ ፊት ይዋሻል፣ ጎማ ግን የሚሄድበትን አይደብቅም ይሉ ነበር።

ለአገር ልጅ ሁሉ የሚከብደው ትምህርት ግን የመብራቱ ነበር። እኛ ዘንድ ሾፌር መብራቱን ብልጭ ካደረገልህ "እለፍ፣ ቅድሚያ ሰጥቼሃለሁ" ማለቱ ነው፤ እጅህን አንሥተህ አመስግነህ ታልፋለህ። እዚያ ደግሞ ትርጉሙ ተገላቢጦሽ ነው፤ "መጣሁ፣ አልቆምም፣ ከመንገዴ ውጣ" ማለት ነው። ስንቱ የእናት ልጅ እንደ አገሩ አመስግኖ ገብቶ ቀርቷል። ወንድማችን ይህን ሲያስተምሩ ሾፌር እየሆኑ፣ በእጅ ባትሪ እያበሩ፣ እጁን ለምስጋና ያነሣውን ሁሉ አሁን ሞተሃል እያሉ ከሜዳው ያስወጡት ነበር። ሳቅ ነበር ይባላል።

ከተማሪዎቻቸው መካከል ጓደኞቹ "ጥላ" የሚሉት አንድ ወጣት ነበር፤ ከኋላቸው ስለማይጠፋ ነው እንዲያ ያሉት። ሲመጣ ቤታቸው አሳደሩት፣ ከልጆቻቸው ጋር አበሉት፣ ሞተር አስተማሩት። የመንገዱ ነገር አላምር ሲላቸውም፣ አንተ ገና ወጣት ነህ፣ ከዚህ ውረድና መኪና ያዝ ብለው መከሩት። ምክራቸውን ሰምቶ የዚያው ድርጅት የዕቃ መኪና ሾፌር ሆነ።

ሽማግሌዎቻችን "በድንገተኛ አደጋ" ብለሽ እለፊው ያሉኝ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። እኔ ግን ወንድሜን በሁለት ቃል አልቀብራቸውም።

በግንቦት ወር መጀመሪያ 2016 ዓ.ም. በጠራራ ፀሐይ፣ ወንድማችን ከአንድ የጎን መንገድ ወጥተው ዋናውን ለማቋረጥ ቆመው ነበር። አንድ የዕቃ መኪና እየከነፈ መጣና መብራቱን ብልጭ አደረገ። ያን ሁሉ ዓመት ለባዳ ሾፌር መብራት አንድም ቀን ያልተንቀሳቀሱት ወንድማችን ቀና ብለው መሪ የያዘውን ሰው አዩ። ጥላ ነበር። የአገር ልጅ፣ ያውም የቤት ልጅ። መብራቱን በአገራችን ቋንቋ ተረጎሙት፤ እጃቸውን ለምስጋና አንሥተው ወጡ። እጃቸውን ማንሣታቸውን ዳር ላይ የነበረች አበባ ሻጭ አይታለች። እሱ ግን ያበራው በዚያ አገር ቋንቋ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ይህ ፈረስ ደግሞ እርሳቸው ራሳቸው የገሩት ነው።

በሐኪም ቤት ጥቂት ቀናት ቆዩ። አንድ ጊዜ ነቅተው ለባለቤታቸው "ፊቱን አይቼ ነው የወጣሁት" አሏቸው። ባለቤታቸው የገጨኝን ሰው አውቄዋለሁ ማለታቸው መስሏቸው ለፖሊስ ተናገሩ። እኔ ስሰማው ሌላ ነበር የገባኝ፤ ወንድሜ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ እያደረጉ ነበር። የምችለውን ያህል አለቀስኩ። ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ፖሊስ በመጀመሪያ የጠየቀው የሰደርያቸውን ቀለም ነው። ከዚያ ሾፌሩ በመብራት አስጠንቅቋል፣ ሞተረኛው ግን ገብቷል ብሎ ፋይሉን ዘጋ። እዚህ ለቅሶ ላይም ቀኑ ደርሶ ነው የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ቀን መኪና አይነዳም። ዛሬ ወደዚህ ስትመጡ ሞተረኛ ወደ ጠርዝ የገፋችሁም ትኖራላችሁ፤ ለእናንተም ነው የምጽፈው።

ጥላ ወደ አገር ቤት የተላከውን የአስከሬን ሳጥን ተከትሎ መጣ። ማንም ሳይጠይቀው እናታችን እግር ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ተናገረ። ከተናገረው አንዱን ብቻ እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ "እማማ፣ ያበራሁት እሳቸው እንዳስተማሩኝ ነው፤ ይቆማሉ ብዬ ፍሬን አልያዝኩም" አለ። እውነቱን ነው፣ አስተምረውታል። ብቻ ከትምህርታቸው መብራቱን ያዘና ቀስ በል የሚለውን ጣለው። ደንበኛ አይጠብቅማ።

አጎቶቻችን እናታችን ጎን እንዳይቀመጥ ወደ ጓሮ ወሰዱት፤ ወንድሞቼ ወደመጣበት ይመለስ አሉ፣ እኔም አብሬ አልኩ። እናታችን ከዚያ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ተቀምጠው ነበር። ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን የሚሸከሙት ሲመረጡ ግን ከጓሮ አስጠሩትና "እዚህ ያደረሰው እሱ ነው፤ ጉድጓዱ ድረስም እሱ ያድርሰው" አሉ። ይቅርታ ይሁን ፍርድ፣ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም። ስለዚህ ከፊት በቀኝ በኩል ሳጥኑን የያዘው፣ የማታውቁት ቀጭን ሰው እሱ ነው። ማንም እንዳይነካው፤ የእናታችን ትእዛዝ ነው።

ወንድማችን እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት እህት ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም በየመጋጠሚያው በሕይወት ቆመው የሚጠብቁ ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ቀብራቸው ላይ ለተገኛችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

አምላክ ለወንድማችን ማንም ከኋላ የማይገፋበትን ዕረፍት ይስጣቸው። ለልጆቻቸው አሳዳጊ፣ ለባለቤታቸው ብርታት ይስጥ። ለእኔም እናቴ ዛሬ ጠዋት ያገኙትን ልብ ይስጠኝ፤ እስካሁን የለኝም።