ፀሐይ ላይ ብቻ የሚበሩት መብራቶች

ሐምሌ ፲፪፣ የሚካኤል ዕለት

ዛሬ ከካምባ፣ ከጤና ጣቢያ፣ አንዲት አዋላጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የላካችሁልን የሶላር መብራት ከዶሮ ጋር ነው የሚተኛው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ምን እንደጎደለው አውቃለሁ። «ዛሬ ወይ ነገ የምትወልድ እናት አለችኝ» ስትል እሷም ሳቋን ተወች።

ፋብሪካችን የመንግሥት ስለሆነ ባትሪ የሚመጣልን ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደልድሎ ነው። ዘንድሮም ሳይደርስ ሰኔ ሠላሳ ደረሰብን። እንደ ልማዳችን፣ በሐምሌ ከፍተን ባትሪ ልንከትባቸው፣ መብራቶቹን ያለ ባትሪ ገጥመን «ተጠናቋል» ብለን መጋዘን አስገባን። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ስሞክራቸው በሩ፤ እኔም «ተፈትሿል» የሚለውን ማኅተም መታሁባቸው። ባትሪው ሳይገባላቸው ተጭነው ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁን «እንመልሳቸው» አልኩት።

«አባባ፣ እቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል ብለን ሪፖርት ልከናል። አልቋል ላልነው ዕቃ ማን ባትሪ ይመድብልናል?»

ይህን ብሎ ቀጥሎ ማኅተም የሚመታባቸውን መብራቶች አስመጣልኝ። እነሱም ባትሪ የላቸውም።

የራሴን ቤት ባለ ባትሪ የሶላር መብራት ከሲቀላ መናኸሪያ በካምባ መኪና ለአዋላጇ ላክሁላት። ዝናቡ መንገዱን ካልዘጋው ነገ ይደርሳል። ግን እሱ አንድ ነው፤ እኔ ያተምኩባቸው ስንት ቦታ ደርሰዋል። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ አስካለ ብትኖር «ሌላ ሰው አታመካኝ፣ እጅህ ነው» ትለኝ ነበር።

ስመለስ ሚካኤልን ተሳለምኩ። ጸሎት እንቢ አለኝ። ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቤት ይዤው መጥቼ አላውቅም። ጠዋት ይፈልጉታል።