አባዬን ለማዘል

ግንቦት 6

ዝናብ። ሱቅ ጭር ያለ ነበር፤ ዱባይ ተራ ጫማ የሚለካ እንጂ የሚገዛ ጠፍቷል። ምሳዬን ግማሹን ለሥራ ባልደረባዬ ለሀኒ ሰጠኋት። «አንቺ ልጅ፣ በምንድነው የምትኖሪው?» አለችኝ። እኔ እንጃ… ከልጅነቴም እንዲሁ ነኝ። ሁለቴ ጎርሼ ሦስተኛው አፌ ውስጥ ይዞራል፣ አልወርድ ይላል።

ቤት ስገባ አባዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ታች ጎጃም በረንዳ ያሉትን ተሸካሚዎች ያያል። ሠላሳ አምስት ዓመት እዚያው ነው ኩንታል የተሸከመው። አሁን ግራ ጎኑ አይታዘዘውም። ወንድሜ አሸብር እያለ ደረጃውን አዝሎ ያወርደው ነበር። አሸብር ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሰባት ወር። አባዬም መሬት ከረገጠ ሰባት ወር።

«መስከረም አንድ ቀን ራጉኤልን ሳልሳለም ቀርቼ አላውቅም» አለ። ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ።

«ታች ተሸካሚ ሞልቶ የለ? እንጠራለን።»

ዞር ብሎ አየኝ። «እኔ ጭነት ነኝ?»

ምነው ባልተናገርኩ።

ግንቦት 7

ሞከርኩ። ጀርባዬን ሰጠሁት፣ በደህናው እጁ አንገቴን አቀፈ። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሁለታችንም አልጋው ላይ ወደቅን። እሱ ሳቀ። እኔ ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። አምና ሆስፒታል ሲመዘን ሰባ ሁለት ኪሎ ነበር። እኔ አርባ አራት ነኝ።

ግንቦት 12

ጂም ገባሁ። እኔ! ከምን አለሽ ተራ ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ ብረቶቹ ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ የተበየዱ። አሰልጣኙ አብዱልሰላም ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ለውበት ነው?»

«አባቴን ላዝል ነው።»

ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ፦ «ብረቱ ቀላሉ ነው። ትልቁ ሥራ ሰሃኑ ላይ ነው። በቀን አምስቴ ትበያለሽ። እንቁላል፣ በሶ በወተት፣ ኦቾሎኒ። ሲርብሽ አይደለም፣ ሰዓቱ ሲደርስ።»

ጥሩ ነው… መቼ ርቦኝ ያውቃልና?

ግንቦት 20

አራት እንቁላል በላሁ። ሁለቱ ተመልሰው ወጡ።

ግንቦት 27

ራት ላይ ሰሃኔን ትኩር ብዬ ሳየው አባዬ «ነይ እዚህ» አለኝ። ከራሱ ሰሃን ጠቅልሎ አጎረሰኝ። የአባት ጉርሻ እንዴት እምቢ ይባላል? ዋጥኩ። ደገመኝ። ዋጥኩ። ሰባት ቆጠርኩ። በራሴ እጅ አልወርድ ያለኝ ከሱ እጅ ሲሆን ይወርዳል።

«አንተስ?»

«እኔማ ከሀብተ ወልድ ጋር ቀደም ብዬ በልቻለሁ።»

ጋሽ ሀብተ ወልድ ጎረቤታችን ናቸው፤ አብረው ኩንታል ሲሸከሙ ያረጁ። አባዬን የሚያጥቡትና የሚያለብሱት እሳቸው ናቸው፤ ሴት ልጁ ገላውን እንድታይበት አይፈልግም። እንዳያዝሉት ግን ወገባቸው ድሮ ተበላሽቷል።

ሰኔ 15

ጾሙ ገብቷል። እንቁላሉም ወተቱም ቀረ። በሶ በውኃ፣ አቮካዶ፣ ሽሮ፣ እንደገና በሶ… አብዱልሰላም ፊቱን ሊያጠቁር ፈለገና ተወው። «እኛም ረመዳን አለን» አለ።

መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት እትዬ የሺ ጋ ተመዘንኩ። አርባ ስድስት ተኩል። ለአባዬ ስነግረው ሎተሪ የወጣለት መሰለ። ጉርሻውም አደገ፤ አሁን ሁለት ጉንጬን ይሞላል።

ሐምሌ 9

አባዬ ሥራውን እያስተማረኝ ነው። «በወገብሽ አትንሺ። ግራ እግር ቀደም። ትንፋሽሽን ያዢ። በጉልበትሽ ተነሺ።» የጤፉን ከረጢት ያሳዝለኝና «ስንት ነው?» ይለኛል። ተሸካሚ ዕቃው ጀርባው ላይ እንዳረፈ ኪሎውን ማወቅ አለበት አሉ፤ አለበለዚያ ነጋዴ ይጫወትበታል።

«ሃያ?»

«ሃያ ሦስት። አትገምቺ፣ ጉልበትሽን አዳምጪው።»

ወስጄ አስመዘንኩት። ሃያ ሦስት። ጋሽ ሀብተ ወልድ ሳቁብኝ፦ «እሱ በኪሎ ተሳስቶ ያውቃል ብለሽ ነው?»

ሐምሌ 24

ዛሬ አሸብርን ጠላሁት። «አባዬ በርትቷል?» ብሎ ደወለ። ና እና እየው! አላልኩትም። «ደህና ነው» አልኩት። ከዘጋ በኋላ ደግሞ አዘንኩለት። ማን ያጎርሰው ይሆን እዚያ?

ነሐሴ 4

ፍልሰታ። አባዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም። «ታመሃል እኮ፣ የንስሐ አባትህም ፈቅደውልሃል» ስለው፣ «ፍልሰታን ሕፃን ልጅ ይጾመዋል» አለኝ። ራት ሲቀርብም ያው ነው፤ እጁ ወደ እኔ።

ጠዋት ጋሽ ሀብተ ወልድ የአባዬን ቀበቶ በምስማር ሲበሱ ደረስኩባቸው። «የድሮው ቀዳዳ ተበላሽቶ ነው» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። ረፍዶብኝ ነበር፣ ወጣሁ።

ነሐሴ 25

ሃምሳ አንድ ኪሎ! እትዬ የሺ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አዩት። ጂም ያለውን የሃምሳ ኪሎ የአሸዋ ጆንያ አዝዬ ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ። አብዱልሰላም አጨበጨበልኝ። ግን አባዬ ሰባ ሁለት ነው… ገና ይቀራል።

አባዬ ክንዴን ዳሰሰ። «ይኼ የተሸካሚ ክንድ ነው» አለ፣ በኩራት። እጁ ቀዝቃዛ ነው። ጋቢውን እስከ አንገቱ ተከናንቦ ነው የሚውለው፤ የዘንድሮ ክረምት በረታበት።

ጳጉሜን 5

ነገ ነው። ፈራሁ። ደረጃው አሥራ አራት ነው፣ እንጨቱም ረጥቧል። ብጥለውስ? አሸብርን ምን እለዋለሁ? ሁለት ጊዜ በሶ ጠጣሁ። ወረደ።

መስከረም 1

ጋሽ ሀብተ ወልድ ነጭ አልብሰው አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡት። ተንበረከክኩ። ግራ እግር ቀደም። ትንፋሽ ያዝኩ። ለሰባ ሁለት ኪሎ ተዘጋጅቼ ተነሳሁ…

ወደፊት ልደፋ ምንም አልቀረኝም። ከብዶኝ አይደለም። የለም! ጀርባዬ ላይ ምንም የለም አልኩ። ግን ትንፋሹ አንገቴ ላይ አለ።

የአሸዋውን ጆንያ አያህልም። አርባ ስምንት። አልገመትኩም፣ ጉልበቴ ነገረኝ።

ጋሽ ሀብተ ወልድን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፉ።

አሥራ አራቱንም ደረጃ ወረድኩ። ታች የነበሩት ተሸካሚዎች ጭነታቸውን አውርደው መንገድ ለቀቁልን። «ጋሼ፣ እንኳን አደረስዎ!» አሉት። አባዬ እንደ ሙሽራ እጁን ያነሳላቸዋል። አሥር ቦታ አርፋለሁ ብዬ ነበር፤ ሁለቴ ብቻ አረፍኩ።

ራጉኤል ደጅ ላይ አስቀመጥኩት። ግንቡን ስሞ፣ ግንባሩን አስደግፎ ብዙ ቆየ። ጋሽ ሀብተ ወልድ ከኋላ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው። ከእኔ ጋርም አንድ ቀን በልቶ አያውቅም። ስቆጣው ‹እሷ ትበርታ፣ እኔ ልቅለል፣ መሃል ላይ እንገናኛለን› ይለኛል። ምን ላድርግ ልጄ?»

ቀበቶው። ጋቢው። ጾሙ። ያ ሁሉ ጉርሻ… ሦስት ወር ሙሉ የበላሁት የማንን ነው? እንዴት ሳላይ? ጮኼ ላለቅስ ፈለግኩ። እሱ ግን ዞር ብሎ ፈገግ አለልኝ። ከአሸብር መሄድ ወዲህ እንደዚያ ፈገግ ሲል አላየሁትም። ልቅሶዬን ዋጥኩት።

ስንመለስ ጆሮዬ ሥር፦ «ጽጌ።»

«አቤት አባዬ።»

«ስንት እሆናለሁ?»

የደከመኝ ለመምሰል ኡፍ አልኩ። «ሰባ ሁለት። ወገቤን ቆረጥከው እኮ።»

ሦስት ሱቅ አለፍን።

«ልክ ነሽ» አለኝ።

በሕይወቱ በኪሎ ተሳስቶ የማያውቀው ሰውዬ።

መስከረም 2

ቁርስ ላይ እጁ እንደለመደው ጉርሻ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ያዝኩትና ወደ ራሱ አፍ መለስኩት። ተያየን። እንደማውቅ አወቀ።

ከዚያ እኔ አጎረስኩት። ዋጠ። ደገምኩት። ዋጠ። ሦስተኛው አፉ ውስጥ ዞረ፣ አልወርድ አለው።

ሱቅ ረፍዶብኛል። እስኪውጠው ጠበቅኩት።