የበራችን አመል

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11፤ መቱ።

ዛሬ በዝናብ ቤታችንን ልከፍት ስል ቁልፉ ተሰበረና ግማሹ በሩ ውስጥ ቀረ። በሚስማር ብጎረጉረው ጭራሽ ወደ ውስጥ ገባ። ባለቤቴ አልማዝ ጎረቤታችንን በያጁን ቶላን ጠራችው። በሰጌቶ፣ በብረት መቁረጫ መጋዝ፣ ስባሪ በአንዴ ስቦ አወጣው። ከዚያ ሁለቱ በኦሮምኛ ተሳሳቁ። «ጋሼ፣ ዘይት ጠብ ያድርጉበት» አለኝ። ጋሼ! የምበልጠው በሁለት ዓመት ነው።

እሱስ ይሁን። በራችን በክረምት ስለሚያብጥ፣ እጀታውን ወደ ላይ አንስተው ከታች በእግር ካልገፉት አይከፈትም። ይህን አመሉን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። ቶላ የአልማዝን ቁልፍ ተቀበለና ማንም ሳይነግረው እጀታውን አንስቶ ከታች በእግሩ ገፋው። ተከፈተ።

የቁልፉን ስባሪ ጨብጬ ደጅ ቆሜ ቀረሁ።

«አትገባም እንዴ?» አለችኝ አልማዝ።