ቀጂዋ የመጨረሻውን ታንሣ

ለምወድህ ወንድሜ ለባህሩ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጽጌሬዳ ወገቧን ተሻላት ወይ? ልጃችን ሚስጥርስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? ሐዋሳ ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳቤ ከእናንተ አልተለየም። እኔ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ከመለገሙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሸጋ ነኝ። ባለፈው ደብዳቤህ «ኀይል»ን በሃሌታው ሀ ጽፈሃል፤ የሒሳብ መምህር መሆን ፊደል ከመጠንቀቅ አያድንም።

ወደ ጭንቄ ልግባ። ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር እንዳደረጉኝ ታውቃለህ። ዐሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ያላቸው አንድ የውኃ ታንከር ነው። ቧንቧው በዐሥር ቀን አንዴ ሲመጣ ይሞላል፣ በአራተኛው ቀን ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አፈሩ ሳይቦካ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

እኔም እንደ ልማዴ ቆለፍሁት፤ ጠዋት ከፍቼ ቆሜ አስቀዳ ነበር። ይባስ ብሎ ሁሉም ከጎረቤት ጀሪካን እየተዋሱ መምጣት ጀመሩ። ይርገዱ የምትባለው፣ በእጅ ሙያዋ ከሁሉም የምትልቀው፣ ከማዳበሪያ ክምር ሥር ሦስት ሙሉ ጀሪካን ሸሽጋ አገኘሁባት። በሁሉም ፊት «ሌባ!» አልኋት። እሷም ዐይን ዐይኔን እያየች፣ «እትዬ የትነበርሽ፣ እኔ ብተወው ማን ይተወዋል? ያስደበቀኝ የእርስዎ ቁልፍ ነው» አለችኝ። በማግሥቱ ዕቃዋን በጆንያ አሥራ የማኅበሩ በር ላይ አስቀመጠች። «እሷ ከወጣች እኛም እንወጣለን» ያሉ አምስት ናቸው። ግማሹ ከሄደ ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው።

ያኔ ነው የላክህልኝን፣ «የጨዋታ ሒሳብ» የምትለውን ጽሑፍ አውጥቼ ያነበብሁት። ሰው የሚሰስተው ክፉ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን ሌላው ይቀድመኛል ብሎ ስለሚፈራም ነው፤ ስለዚህ ሰውን ከመገሠጽ ሕጉን ለውጪ ብለሃል። ሠላሳ አራት ዓመት በግሣጼ ለኖርሁ ሴት ይህ አልዋጥ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን ቅርጫ ትዝ አለኝ። መዳቢው እኩል የሚመድበው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አይደል?

ሰኞ ውኃ ሲመጣ ሰበሰብኋቸውና አዲሱን ሕግ ነገርኋቸው። የየዕለቱ ውኃ በአንድ በርሜል ይወጣል፤ አንዷ በዐሥራ ሁለት ባልዲ ትመድበዋለች፤ ሌሎቹ መርጠው ካነሡ በኋላ ቀጂዋ የመጨረሻውን ታነሣለች። «የመጀመሪያዋ ቀጂ ይርገዱ ናት» ስል ቀልደኛዋ ቤዚ፣ «እንግዲህ ጅብ ቅርጫ ሊያካፍል ነው!» አለች። ይርገዱ ቀዳች፤ ጎንበስ ብላ በዐይኗ እየለካች፣ በጣሳ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትመልስ ረዥም ጊዜ ቆየች። ዐሥራ አንዱ ተነሥተው የቀረላትን ባልዲ አየሁት፤ ከማንም አያንስም፣ ከማንም አይበልጥም።

ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ታንከሩ ገና እስከ ግማሹ ውኃ አለው። ጆንያው ግን አልተፈታም። ዛሬ ጠዋት «ምነው?» ብላት፣ «ውኃውስ በወግ ተመደበ፤ ስሜን ማን ይመልስልኛል?» አለችኝ። ይህን ሒሳብህ አያውቀውም። ተሳስቼ ለማንም ይቅርታ ጠይቄ እንደማላውቅ አንተም ትመሰክራለህ። ነገ ግን ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ «ሌባ» ባልሁበት ድምፅ «ይቅር በዪኝ» እላታለሁ። እንቢ ካለች መብቷ ነው፤ ጆንያውን ተሸክሜ እስከ ቤቷ አደርስላታለሁ።

ጽጌሬዳ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ፣ አደራ። ሚስጥርን ግንባሯን ሳምልኝ። ለአማትህ ለወይዘሮ ሸዋረግ ሰላምታዬን ጎንበስ ብለህ አድርስልኝ።

እኅትህ የትነበርሽ

ወለቃ፣ ጎንደር
ዓርብ የካቲት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.