ከስር የተነገራቸውን ያመኑት የአቶ ፍቅሬ ወልደሰንበት የሕይወት ታሪክ

አቶ ፍቅሬ ወልደሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ምትኩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ተሰማ፣ በአዲስ አበባ ከተማ፣ አራዳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ በሚገኘው ሰፈር ኅዳር 6 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። በተወለዱበት ዕለት አንዲት የጣልያን መኪና ድልድዩ ላይ ተበላሽታ መንገዱን ዘግታው፣ ከኋላዋ የቆሙት ሁሉ ጥሩምባ ያስጮሁ ነበር። ሕፃኑ እንደ ሌላ ሕፃን አላለቀሱም፤ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ይህን የተናገሩት አዋላጅዋ ናቸው። አዋላጅዋ ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ የቤተሰቡን ቃል መቀበል ግድ ይላል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን አምስት ኪሎ አካባቢ ተከታትለዋል። ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ ነበር። አብረዋቸው የተማሩ አንዳንድ ሰዎች ሦስተኛ ነው ይላሉ፤ እነሱ ራሳቸው ስንተኛ ይወጡ እንደነበር ግን ሲናገሩ ተሰምቶ አያውቅም። በ1961 ዓ.ም. ድልድዩ አጠገብ በነበረው በሲኞር ብሩኖ ጋራዥ ተቀጠሩ። ሲኞሩ በአማርኛ መሳደብ እንጂ ማመስገን አልለመዱም ነበር፤ አገራቸው ሊገቡ ሲሉ ግን የመፍቻ ሳጥናቸውን ለአቶ ፍቅሬ ትተው ሄዱ። ጣልያን አገር ገብተውም እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው መካኒክ እንዳጡ ይነገራል።

በ1971 ዓ.ም. ከወይዘሮ አሰገደች ቢተው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ወይዘሮ አሰገደች ወደ ትዳራቸው ሲመጡ ወላጆቻቸውን ያጣ ታናሽ ወንድማቸውን፣ ዛሬ አቶ ተስፋሁን ቢተው የምንላቸውን፣ ይዘው ነው የመጡት። አቶ ፍቅሬ አጎረሷቸው፣ አስተማሯቸው፣ ጢም ሲያወጡም ሙያውን ሰጧቸው። በዚያ ቤት እንጀራ ሲቆረስ የልጅና የአማች ተብሎ አልተለየም።

አቶ ፍቅሬ በጋራዥ ሥራ ቢተዳደሩም ስማቸው የገነነው በመኪና ዋጋ ገማችነት ነው፤ በተለይም በአሮጌ ስፖርት መኪና። በደርግ ጊዜ ሁለት በር ያላት ቀይ መኪና መንዳት አድኃሪ ያሰኝ ስለነበር፣ ባለቤቶቻቸው ሸራ አልብሰው በየግቢው ሸሸጓቸው። አንዳንዱ ቀለሟን ግራጫ አስቀባ። አንዱማ ዶሮ አሰፈረባት። ዘመኑ አልፎ የአሮጌ መኪና ሰብሳቢ የሚባል ሰው ብቅ ሲል፣ የትኛዋ በየትኛው ግቢ እንደተኛች፣ ማን እንደነዳትና የት እንደተጋጨች የሚያውቁ ከአራዳ እስከ አስመራ አቶ ፍቅሬ ብቻ ነበሩ። እስከ ናይሮቢ ማለትም ይቻላል።

ለእንዲህ ያለ መኪና ዋጋ ማውጣት ቀላል አይደለም። ሌላ መኪና በየዓመቱ እየወረደ ይሄዳል። እነዚህ ግን ወርደው ወርደው፣ ለቁራሊዮ ሊሰጡ ሲሉ፣ ድንገት ፈላጊ ይመጣና መውጣት ይጀምራሉ። ያኔ ሻጩ ወይ አሮጌ ብረት ያለው ይመስለዋል፣ ወይ ደግሞ ኢንተርኔት አይቶ ወርቅ ያለው ይመስለዋል። አንድ ወጣት የአባቱን ስፓይደር የተባለች ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ይዞ መጥቶ፣ ጀርመን አገር እህቷ በስንት እንደተሸጠች ከስልኩ ሲያሳያቸው፣ «ልጄ፣ ያቺ ጋራዥ ውስጥ ተኝታ ነው ያረጀችው። አባትህ ደግሞ ጤፍ ሲጭንባት በዓይኔ አይቻለሁ» ብለውታል። ወዲያው ግን በሩን ከፍተው ከምንጣፉ ስር ያልተነካውን የፋብሪካ ቀለም አሳዩትና፣ ልጁ ከጠበቀው ያነሰ፣ ገዢው ካሰበው የበለጠ ዋጋ ተናገሩ። ሁለቱም አኩርፈው ተፈራረሙ። አቶ ፍቅሬ ትክክለኛ ዋጋ የሚሉት ይህን ነበር።

በጣታቸው አጥንት ላሜራውን ሲያንኳኩ ስቱኮ የት እንደተደፈነ፣ በየትኛው ዓመት እንደተደፈነ፣ አንዳንዴም የደፈነውን ሰው ስም ይናገሩ ነበር። ዋጋ አንዴ ይናገራሉ፤ አይደግሙም፣ አይቀንሱም። ከገዢም ከሻጭም ከአንድ ማኪያቶ በቀር አይቀበሉም። የገመቱትንም መኪና ራሳቸው አይገዙም፣ የቤታቸው ሰውም እንዲገዛ አይፈቅዱም። እዚህ ከቆምነው መካከል በእሳቸው ቃል መኪና ገዝቶ ማኪያቶውን ሳይከፍል የቀረ ካለ ዛሬ ይቅር ተብሏል።

በ1984 ዓ.ም. ክሪኩ ተንሸራቶ መኪና ዳሌያቸው ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ አቶ ተስፋሁን ብቻቸውን ሆነው መኪናውን በትከሻቸው አንሥተው አወጧቸው። ይህ የተጋነነ አይደለም፤ እውነተኛ ነው፤ ሊደበቅም አይገባውም። ከዚያ ወዲህ አቶ ፍቅሬ መኪና ስር መግባት ስለማይችሉ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። አቶ ፍቅሬ ሊብሬውን ይዘው ከላይ ይቆማሉ፤ አቶ ተስፋሁን ከስር ይተኛሉ። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከስር ያነባሉ፤ ዝገቱንና ብየዳውን ይናገራሉ። ከስር የተነገረ ከላይ አይጠየቅም። ይህ የአራዳ ገማቾች ሁሉ ሥርዓት ነው፤ ስር የገባን ሰው ቃል መልሶ መመርመር፣ በሰው ፊት አላምንህም እንደ ማለት ይቆጠራልና።

በ2012 ዓ.ም. አምስት ኪሎ የሚኖሩት ወይዘሮ የሺዓለም፣ ባለቤታቸው ኢንጂነር ሐጎስ ካረፉ በኋላ፣ ለብዙ ዘመን ሸራ ለብሳ የኖረችውን ሰማያዊ አልፋ ሮሜዮ መኪና ሊሸጡ አቶ ፍቅሬን ጠሩ። መኪናዋ ሊብሬዋ ላይ እንደተጻፈው ከሆነች፣ ሞተሯም ከፋብሪካ የወጣችበት ከሆነ፣ አገር ውስጥ አቻ አልነበራትም። አቶ ተስፋሁን ስር ገቡና ቁጥር አነበቡ። አቶ ፍቅሬ ሊብሬው ላይ አዩ። አንዷ አኃዝ አልገጠመችም። ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው።

የወይዘሮዋ ልጅ ኤደን ይህን ጊዜ «ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ቢያነሡትስ፣ ጋሼ?» ስትል ጠየቀች። አቶ ፍቅሬ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ስር ያለው እኮ የልጆቼ አጎት ነው» አሏት። ልጅቷም አፍራ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያም ሞተሯ ለተቀየረ መኪና የሚገባውን ዋጋ፣ ማለትም የአንድ አሮጌ ታክሲ ያህል፣ ተናገሩ። በሳምንቱ አንድ የማይታወቅ ሰው መጥቶ በተባለው ዋጋ ገዛት።

በዓመቱ የአቶ ፍቅሬ ልጅ ማክዳ ስልኳን ይዛ ወደ ጋራዡ መጣች። በስልኩ ቪዲዮ ላይ ቦሌ የሚኖር ባለሀብት ከመስታወት በተሠራ ክፍል ውስጥ ሰማያዊዋን አልፋ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ከስሯ ያሳያል። ሞተሯ ታጥቦ ቁጥሩ ቁልጭ ብሏል፤ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ነው። ባለሀብቱ የከፈለው የአንድ ደህና ቤት ዋጋ ነው፤ የሸጡለትም አቶ ተስፋሁን ቢተው መሆናቸውን እያመሰገነ ይናገራል። ያ የማይታወቅ ሰው የእሳቸው ሰው ነበር።

አቶ ፍቅሬ አልጮኹም። ፒያሳ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ካፌ፣ አቶ ተስፋሁንን ጠርተው ጠየቋቸው።

«ቅባት ሸፍኖት ነበር፣ ጋሼ። ስምንቷ ሦስት መሰለችኝ» አሉ አቶ ተስፋሁን።

«ስምንትና ሦስት ካልለየህ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትነግረኝ ኖርክ?»

ካፌው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ማኪያቶውን እንደያዘ ቀረ።

ከዚህ በኋላ አቶ ፍቅሬ ከስማቸው በቀር ያላቸውን አንድ ውድ ነገር፣ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃቸው የነበረችውን ቀይ ጁኒየር ስፖርት መኪናቸውን፣ አስነሥተው አምስት ኪሎ ወሰዷት። ያቺ መኪና ከቤተ መንግሥት መኪኖች ትበልጥ ነበር ብንል የሚቃወመን አይኖርም። ቁልፉን ለወይዘሮ የሺዓለም ሰጡ። «በእኔ ቃል ነው የተጎዱት፤ ይህች ጉዳቱን ትሙላ» አሉ።

«እኔ መንዳት አልችል፣ አቶ ፍቅሬ። ዶሮ ላሰፍርባት ነው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«የማያውቀኝን ገማች ይጥሩና ይሽጧት። እኔ ዋጋ አልናገርም።»

ወይዘሮዋ ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ተቀበሉ። ፒያሳ ግን ይህን ሲሰማ ሌላ ፍርድ ፈረደ። «ባይበላ ኖሮ ለምን ይመልሳል?» ተባለ። አማቾቹ ተስማምተው የባልቴት መኪና በልተው፣ ሲታወቅባቸው አንዱ ደንግጦ መለሰ ተባለ። ልባቸውን የሰበረው መኪናዋ መሄዷ ሳይሆን ይህ ወሬ ነው። በሰላምታ ፈንታ ጀርባ የሚሰጣቸው በዛ። ጋራዡን ትቶ የሄደ ደንበኛም ነበር። እውነቱን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እሳቸው፣ ሌላው አቶ ተስፋሁን። የአቶ ፍቅሬ ቃል ደግሞ አይቆጠርላቸውም።

የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ አቶ ሙደሲር፣ ያረጀ ጉልበታቸውን ይዘው ስር ለመግባት ፈቃደኛ ሆኑ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚህ ቀደም የተገመቱትንና አዲስ አበባ ውስጥ የቀሩትን መኪኖች እየለመኑ እንደገና መረመሩ። ባለቤቶቹ አበዱ ብለው ሳቁ። አቶ ተስፋሁን ከስር የተናገሩት ሁሉ ትክክል ሆኖ ተገኘ። አቶ ሙደሲር «አልሐምዱሊላህ፣ አንዷ ብቻ ናት፤ ስምህ ተረፈ» ሲሏቸው አቶ ፍቅሬ መሬት መሬት አዩ።

«እኔን የገደለኝ ይኸው ነው፣ ሙዴ። ያን ሁሉ ጊዜ እውነት የነገረኝ ለዚያች ቀን ሲያጠራቅም ነበር?»

አቶ ተስፋሁን ሽማግሌ ልከዋል። ያገኘሁትን ለወይዘሮ የሺዓለም ልክፈል አሉ። አቶ ፍቅሬ ለሽማግሌዎቹ የመለሱት አጭር ነው። «እሱ ከእሷ ጋር ይጨርስ። ከእኔ ጋር የሚታረቀው ሰው በተሰበሰበበት ‹ፍቅሬ አያውቅም ነበር› ሲል ነው።» ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው ደከሙ። አቶ ተስፋሁን ገንዘቡን እሺ፣ ቃሉን እምቢ አሉ። በዚያን ጊዜ ራሳቸው ታዋቂ የአሮጌ መኪና ገማች ሆነው፣ በስማቸው ቢሮ ከፍተው ነበር፤ ያቺን ቃል ቢናገሩ ማን ዳግመኛ ቁጥር ያስነብባቸዋል? ስለዚህ የአማቻቸው ስም ከሚድን የራሳቸው ቢሮ እንዲድን መረጡ። ወይዘሮ አሰገደች በባልና በወንድም መካከል ቀሩ። በዓል በመጣ ቁጥር ወንድማቸው በበሩ ሲገቡ ባላቸው በጓሮ ወጥተው ከአቶ ሙደሲር ዘንድ ይውሉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ጋራዡም ተነሣ። አቶ ፍቅሬ ወደ አዲሱ ሰፈር ቢዛወሩም በአውቶቡስ እየመጡ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ቆመው ይውሉ ነበር። የሚያልፍ ያረጀ መኪና ሲያዩ ዋጋው በአፋቸው ይመጣል፤ ግን አይናገሩም።

የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል በገቡ ጊዜ አቶ ተስፋሁን ጠየቋቸው። በክፍሉ ውስጥ ሌሎች ጠያቂዎችም ነበሩና አቶ ፍቅሬ ከትራሱ ቀና ብለው፣ ዓይናቸውን እሳቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። አቶ ተስፋሁን ስለ መንገዱ መጨናነቅ ተናገሩ። ስለ ዝናቡም ተናገሩ። ከዚያ «እግዜር ይማርዎት» ብለው ተነሡ። አቶ ፍቅሬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሐኪሞች ብርቱ ጥረት ሲረዱ ቆይተው፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ፍቅሬ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች ቢተው፣ ልጆቻቸው ማክዳ፣ ቃለጽድቅ እና ጸሎት፣ ወዳጃቸው አቶ ሙደሲር፣ እንዲሁም የባለቤታቸው ወንድም አቶ ተስፋሁን ቢተው በሕይወት አሉ። የመጨረሻው ስም እንዳይቀር ያሉት ወይዘሮ አሰገደች ናቸው። ወይዘሮ የሺዓለምም በዚህ ቀብር ላይ ከቤተሰቡ ጋር ቆመዋል።

ሳያዩ ላመኑት ለአቶ ፍቅሬ፣ ሁሉን የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።

ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን ከመቀጠላቸው በፊት ቤተሰቡ አባቶችን አስፈቅዷል፤ ጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም እንላለን። ዝምታው፣ በሰው ፊት የሚናገረው ቃል ላለው ሰው የተተወ ነው።